ጉልበቱ የተተካ ሰው እንዴት ይሰግዳል?

ሥጋ በአምልኮ ውስጥ ያለው ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ የሃይማኖት ሕይወት ውስጥ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ በዚህች አገር ጸሎት ማለት ከቃል ጋር መቆም፣ መንበርከክ፣ መውደቅና መነሣት ነውና። በስቅለት ዕለት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል፤ ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ግንባሩን ከምድር ያገናኛል፤ ቤተ እስራኤላውያንም ታላቁን ዓመታዊ በዓላቸውን ስግድ ብለው በስግደት ስም ጠርተውታል። በእንዲህ ያለ ባህል ያደገ ሰው ጉልበቱ ሲያረጅና ሐኪሙ መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ መተካት እንዳለበት ሲነግረው የሚያሳስበው ሕመሙና ወጪው ብቻ አይደለም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደ ቀድሞው መስገድ ካልቻለ አምልኮው ጎደሎ ይሆን እንደሆነም ይጨነቃል። ጥያቄው «እግዚአብሔር ልብን ያያል» በሚል አንድ ቃል ሲታለፍ ይታያል፤ ነገር ግን ሃይማኖቶች ስለ ሥጋ፣ ስለ መከራና ስለ ትሕትና የሚያስተምሩትን የሚነካ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም።

በቅድሚያ የሚተካው ነገር ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ጉልበት የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ፣ የቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍና የጉልበት ሎሚ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ሲሆን፣ አጥንቶቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ካርቲሌጅ የተባለ ለስላሳ ሽፋን ጫፎቻቸውን ያለብሳቸዋል። ይህ ሽፋን በዕድሜ፣ በሰውነት ክብደት፣ ቀድሞ በደረሰ ጉዳት ወይም ሩማቶይድ አርትራይተስን በመሰለ የመገጣጠሚያ በሽታ ሳስቶ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፣ ጉልበቱ ያብጣል፣ እግሩም ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ቀዶ ሕክምናው መላውን ጉልበት አውጥቶ ሌላ ማስገባት አይደለም፤ ሐኪሙ የተጎዱትን የአጥንት ጫፎች በስሱ ቆርጦ ካነሣ በኋላ የጭኑን ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከኮባልትና ከክሮሚየም ቅይጥ በተሠራ ብረት ያለብሰዋል፣ በቅልጥሙ ላይ ብዙ ጊዜ ከቲታኒየም የሚሠራ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያኖራል፣ በሁለቱ መካከልም ፖሊኤትሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገባል፤ ጡንቻውና አብዛኛው ጅማት ግን የሰውየው የራሱ ሆኖ ይቀራል። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ቴሚስቶክሊስ ግሉክ በ1890 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ የጉልበት ማጠፊያ ለሕሙማን አስገብቶ ነበር፣ ሙከራው ግን በኢንፌክሽን ምክንያት አልዘለቀም። ዛሬ የሚሠራበት ዓይነት ቅርጹን የያዘው በ1970ዎቹ ሲሆን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ከመቶ 82 ያህሉ የተተኩ ጉልበቶች 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል።

እንግዲህ ከላይ ለተነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው፣ አምልኮ የልብ ነገር ስለሆነ ጉልበት ታጠፈ አልታጠፈ ለውጥ የለውም የሚል ነው። ይህ መልስ ለማጽናናት የሚነገር ቢሆንም፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰግድ የኖረን ሰው አያጽናናውም፤ እስከ ዛሬ የሰገደው ሁሉ ትርፍ ነገር ነበር እንደማለት ይሆንበታልና። የክርስትና ትምህርት እግዚአብሔር ቃል ሥጋን እንደለበሰና ራሱ ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ተንበርክኮ እንደጸለየ ይናገራል፤ ዳንኤል በባቢሎን በቀን ሦስት ጊዜ ይንበረከክ እንደነበረ፣ ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን ሲቀድስ በጉልበቱ ተንበርክኮ እንደነበረ ተጽፏል። በእስልምናም ሱጁድ፣ ማለትም በሶላት ውስጥ ግንባርን መሬት አስነክቶ መስገድ፣ በሰባት የአካል ክፍሎች እንዲፈጸም የታዘዘ ሲሆን ሁለቱ ጉልበቶች ከሰባቱ ውስጥ ናቸው። ሥጋ በእነዚህ ሃይማኖቶች የነፍስ ልብስ ብቻ ሆኖ አይታይም፤ የሚያመልከው ነፍስና ሥጋ አንድ ላይ ሆኖ የተፈጠረው ሰው ነው።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የበለጠ አደገኛ ነው፤ እውነተኛ አማኝ ጉልበቱ እስኪሰበር ይሰግዳል እንጂ ሥጋውን አይሳሳለትም ይላል። ይህን የሚሉ ሰዎች የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ተጋድሎ ይጠቅሳሉ። ጻድቁ ለብዙ ዓመታት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተሰበረና በቀረው እግራቸው ቆመው ጸሎታቸውን እንደቀጠሉ ገድላቸው ይተርካል፣ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ጥር 24 ቀን ትዘክራለች። ነገር ግን ታሪኩን ልብ ብሎ ላነበበው ሰው ትርጉሙ ከሚባለው የተለየ ነው፤ እግሩ ከሄደ በኋላም ጸሎቱ አልተቋረጠም፣ ስለዚህ ጸሎቱ የቆመው በእግሩ ብርታት አልነበረም። በተጨማሪም መነኩሴ ከመንፈሳዊ አባቱ ጋር ሆኖ በፈቃዱ የሚቀበለው ተጋድሎና ሸክም ተሸክማ፣ ወፍጮ ፈጭታ፣ ልጆች አሳድጋ ጉልበቷ ያለቀባት እናት የሚደርስባት ሕመም አንድ ዓይነት አይደሉም። የእሷን ሕመም ማባባስ ጽድቅ ነው የሚል ሥርዓት የለም።

የነዚህን ሁለት መልሶች ጉድለት ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ የሚገኘው የንዕማን ታሪክ ነው። ሶርያዊው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ከተፈወሰ በኋላ ከእስራኤል አምላክ በቀር ለሌላ እንደማይሠዋ ቃል ገባ፤ ሆኖም ንጉሡ ሬሞን በተባለው ጣዖት ቤት በንዕማን እጅ ተደግፎ ስለሚሰግድ እርሱም አብሮ ማጎንበሱ እንደማይቀር ለነቢዩ ኤልሳዕ አስታውቆ ይቅርታ ለመነ፣ ኤልሳዕም በሰላም አሰናበተው። ልብ የሌለበት የጉልበት መታጠፍ ለጣዖት እንኳ ስግደት ሆኖ ካልተቈጠረ፣ ሥጋው አልታዘዝ ያለው ሰው በልቡ የሚፈጽመው ስግደት ለእግዚአብሔር ስግደት ሆኖ አይቈጠርም ማለት እንዴት ይቻላል? ይህ ማለት ግን ሥጋ ከቁጥር ወጣ ማለት አይደለም፤ ንዕማንም ይቅርታ የለመነው የሥጋውን ማጎንበስ እንደ ከባድ ነገር ስለቈጠረው ነው። ሥጋ የሚጠየቀው በሚችለው ልክ ነው፤ የሚችለውን ግን ይጠየቃል።

ይህ ልክ ከየትም የመጣ አዲስ አስተያየት ሳይሆን በራሱ በሥርዓቱ ውስጥ ያለ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስግደትን በአፈጻጸሙ በሦስት ይከፍሉታል፤ ግንባርን ምድር አስነክቶ መውደቅ ሰጊድ፣ ጉልበትን አጥፎ መንበርከክ አስተብርኮ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ ደግሞ አድንኖ ይባላል። ሦስቱም ስግደት ናቸው፤ አንዱ ሲቀር ሌላው የሚተካው ማስመሰያ ሆኖ አይደለም። ከዚህም በላይ በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው በእሑድና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ምእመናን ሳይንበረከኩ ቆመው እንዲጸልዩ ወስኗል፤ በዓለ ኀምሳ ሙሉ ያለመስገድ ልማድ መሠረቱ ይኸው ነው። በእነዚያ ቀናት ጤነኛውም አይሰግድም፣ አምልኮው ግን አይጎድልም፤ እንዲያውም የትንሣኤን ደስታ የሚመሰክረው ባለመንበርከኩ ነው። እንግዲህ የአምልኮ ምሉዕነት የሚለካው በጉልበት መታጠፍ ብዛት ቢሆን ኖሮ ከዓመቱ ሁሉ ታላቁ ወቅት ከሁሉ ጎደሎ በሆነ ነበር።

ያዕቆብ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የቀረበ አባት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደተጻፈው በያቦቅ ማሻገሪያ ሌሊቱን ሲታገል ካደረ በኋላ የጭኑ ሹልዳ ተነክቶ ወጣ፣ በረከትን የተቀበለውም ማንከስ በጀመረበት ሌሊት ነው። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት ስለ እምነት አባቶች ሲናገር፣ ከያዕቆብ ረጅም ዕድሜ መርጦ የጠቀሰው በመሞቻው ሰዓት የዮሴፍን ልጆች መባረኩንና በዘንጉ ጫፍ ላይ ተደግፎ መስገዱን ነው። የተደገፈ ሰው ስግደት ስለ እምነት ምሳሌ ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሙ መቋሚያ የሚይዙት የሰው ሥጋ እንደሚደክም ሥርዓቱ ስለሚያውቅ ነው፤ በቤተ መቅደስ ውስጥ መቋሚያ ካላሳፈረ ክራንችም የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም። በእስልምናም ዒምራን ኢብን ሑሰይን የተባለው የነቢዩ ባልደረባ ስለ ሕመሙ በጠየቀ ጊዜ ቆሞ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለም በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ እንደተነገረው ቡኻሪ መዝግቦታል፤ ይህ የተፈቀደ ማቅለያ ሲሆን፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት በሽተኛው ያላቅሙ ራሱን እንዲጎዳ አይፈቅዱለትም።

ወደ ሕክምናው መሄድ በራሱ የእምነት ማነስ እንዳይመስል ደግሞ ስለ መድኃኒት የተነገረው መታየት አለበት። በኢትዮጵያ ቀኖና ውስጥ ከሚገኙት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ የታመመ ሰውም መጀመሪያ ጸልዮ ከኃጢአቱ ተመልሶ ከዚያ ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥ ያስተምራል። ንጉሥ ሕዝቅያስ በእንባ ጸልዮ 15 ዓመት ሲጨመርለት እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል፤ ተአምሩና መድኃኒቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ተገኝተዋል። በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሳርያ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ድሆችና ሕሙማን የሚረዱበት ተቋም ያሠራ ሲሆን፣ ለመነኰሳት በጻፈው ሥርዓት ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን አስረድቶ ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ግን እንደማይገባ አስጠንቅቋል።

የጉልበት ቅየራ ደግሞ ከብዙ ቀዶ ሕክምናዎች የሚለየው በሽተኛው ራሱ የሚሠራው ሥራ ስላለበት ነው። ከሳምንታት በፊት የጭን ጡንቻን በእንቅስቃሴ ማጠንከር፣ ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን ማስተካከል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ማቆም፣ የደም ማነስን ማከም፣ ከበሰበሰ ጥርስ ወይም በቆዳ ላይ ካለ ቁስል ተሕዋስያን በደም ወደ አዲሱ መገጣጠሚያ እንዳይደርሱ አስቀድሞ መታየት ያስፈልጋል። በቤትም የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሣል፣ በርጩማው ከፍ ባለ ባለመደገፊያ ወንበር ይተካል፣ ቁጢጥ ብለው የሚቀመጡበት መጸዳጃ ባለበት ቤት ከፍ ያለ መቀመጫ ይዘጋጃል። ይህን ሁሉ ትቶ «እርሱ ያውቃል» ብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት መታመን ሳይሆን ቸልተኝነት ነው፤ ሲራክ ለሐኪም ስፍራ ስጥ ሲል በሽተኛውም የድርሻውን እንዲሠራ መጠየቁ ነውና።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ከሁሉ የሚበረታው ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። በሽተኛው ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ በዎከር ተደግፎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ጉልበቱ ግን አብጧል፣ ያቃጥላል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፣ ፊዚዮቴራፒስቱም በየቀኑ እንዲያጥፈውና ቀጥ አድርጎ እንዲዘረጋው ያዝዘዋል። ጉልበቱ በእነዚህ ሳምንታት ካልተንቀሳቀሰ ጠባሳ በውስጡ ይደድርና በኋላ ማጠፍ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ሕመሙ መታለፍ ያለበት ሕመም ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ምእመን ማስታገሻን አልወስድም፣ ሕመሙን ለኃጢአቴ ካሣ አድርጌ እቀበለዋለሁ ይላል። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ስሕተት አለበት። ቀደምት አባቶች ሥጋን በጾምና በስግደት ሲገሥጹት ለበጎ ሥራ እንዲታዘዝ ለማሠልጠን እንጂ ለማጥፋት አልነበረም፤ ማስታገሻ ያልወሰደ በሽተኛ ግን እግሩን ከሕመሙ የተነሣ አያጥፍም፣ ባለማጠፉም የሕክምናውን ፍሬ ያጣል። ተጋድሎው መድኃኒቱን በታዘዘው ልክ ወስዶ፣ በታዘዘው ጊዜም ትቶ፣ በቀን ብዙ ጊዜ የማያስደስተውን እንቅስቃሴ በትዕግሥት መፈጸሙ ነው። ማንም የማያየው፣ ማንም የማያመሰግነው፣ ዛሬ ከትላንት ጥቂት ዲግሪ ብቻ የሚጨምር ይህ ሥራ በጸሎት ታጅቦ ሲፈጸም፣ ያ ሰው ለጊዜው ያጣውን ስግደት በሥጋው መልሶ እያቀረበ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሕመሙ የሚከብድ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም በሰው እጅ መውደቅ ነው። ቤተሰብ ሲያስተዳድር የኖረ አባት ካልሲውን የሚያጠልቅለት ሰው ይፈልጋል፣ እንግዳ ስታስተናግድ የኖረች እናት ልጇ እግሯን ታጥባታለች፤ ብዙዎችም ይህን ከውርደት ይቈጥሩታል። ነገር ግን በጸሎተ ሐሙስ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚታሰበው የእግር ማጠብ ሥርዓት ሁለት ወገን አለው። ክርስቶስ ዝቅ ብሎ እግር ማጠቡ ሲሰበክ ይኖራል፤ ጴጥሮስ እግሬን አታጥብም ብሎ መከልከሉና ካልታጠብክ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም መባሉ ግን ብዙ አይተኰርበትም። መታጠብን እምቢ ማለት ትሕትና ይመስላል እንጂ ትሕትና አይደለም። ሲያገለግል ለኖረ ሰው መገልገልን በጸጋ መቀበል ከስግደት የማያንስ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ምናልባትም ከጉልበት ይልቅ የሚያስቸግረው ይህኛው መታጠፍ ሳይሆን አይቀርም።

በማገገሚያው ወራት ከሃይማኖትና ከባህል ልማድ ጋር የሚጋጩ ሦስት ነገሮች በግልጽ መነገር አለባቸው። ጾምን በተመለከተ፣ ቁስል እንዲጠግግ ሰውነት ፕሮቲን ይፈልጋል፣ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰዱ ጨጓራን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብ መቆየት ለጊዜው ሊቀር ይገባዋል፣ ይህንም የንስሐ አባት የሚያውቀውና የሚፈቅደው ነው። ጠበልን በተመለከተ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ውኃ ውስጥ መግባት ኢንፌክሽን ወደ መገጣጠሚያው ሊያስገባ ይችላል፤ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተመረዘ ደግሞ ዳግም ተከፍቶ መታጠብ፣ አንዳንዴም ወጥቶ መተካት ሊያስፈልገው ይችላል። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትን በተመለከተ በአደባባይ መናገራቸው ይታወቃል። ሦስተኛው በወጌሻ መታሸት ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የባት ሕመምና እብጠት በእግር ውስጥ የረጋ ደም ምልክት ሊሆን ስለሚችል መታሸት የለበትም፣ ትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከታከለበት ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ታዲያ ጉልበቱ የተተካ ሰው መንበርከክ ይችላል? መልሱ ብዙዎች ከሚገምቱት የተሻለ ነው። ቁስሉ ከዳነና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ መንበርከክ ራሱ መገጣጠሚያውን እንደሚሰብር ተደርጎ መታሰቡ ትክክል አይደለም፤ ብዙዎች የማይንበረከኩት ቆዳው ሲቆረጥ ከጎኑ ያለው ትንሽ የስሜት ነርቭ ተነክቶ ቦታው ስለሚደነዝዝ ወይም ስለሚቈረቁራቸው፣ ከዚያም በላይ ማንም ስላላስረዳቸውና ስለሚፈሩ ነው። በወፍራም ነገር ላይ፣ ወንበር ተይዞ፣ ቀስ በቀስ መለማመድ ይቻላል። በሌላ በኩል የተተካ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ያህል የሚታጠፍ ሲሆን፣ ተረከዝ ላይ ተቀምጦ ለመስገድ ግን ከዚህ በብዙ የበለጠ መታጠፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዳንዱ ወደ አስተብርኮ ይመለሳል፣ አንዳንዱ በአድንኖ ይወሰናል፣ አንዳንዱም በወንበር ሶላቱን ይሰግዳል፤ ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ያህል በውጤቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይረካም ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋልና ይህ ሐቅ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለበሽተኛው ሊነገረው ይገባል።

ብረት ያለበት ሥጋ በትንሣኤ ምን ይሆናል ብለው የሚጠይቁም አሉ። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ የሆነው የትንሣኤ ሙታን ትምህርት ሥጋ የሚነሣው ከመቃብር በተረፈው ነገር ብዛት ሳይሆን በፈጣሪው ኃይል መሆኑን ስለሚያስተምር፣ አፈር የሆነውን የሚያስነሣ አምላክ ጥቂት ሚሊሜትር አጥንት ይቸግረዋል ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

የቀረው የማኅበረ ምእመናኑ ኃላፊነት ነው። ወደ ቀዶ ሕክምና የሚሄድ ሰው ጸሎቱን እንዴት እንደሚያደርስ፣ እንዴት እንደሚንበረከክና እንደሚነሣ ለሐኪሙ በግልጽ ያሳየው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ሊገምት አይችልም። የንስሐ አባቶችና ኢማሞች ደግሞ በሽተኛው መጥቶ እስኪጠይቅ ሳይጠብቁ ቀድመው ሄደው የተፈቀደውን ይንገሩት፣ ምእመኑም ተቀምጦ የሚጸልይን ሰው በዓይኑ እንዳይፈርድበት ያስተምሩ። በየአጥቢያውና በየመስጊዱ ክንድ ማሳረፊያ ያላቸው ጠንካራ ወንበሮች ከበር ሥር ሳይሆን ከሰጋጆቹ መካከል ይቀመጡ።